ልጅ የላቸውም እንዴ?

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ፣ ጋወኗን በቦርሳ የያዘች ነርስ በአንድ አረጋዊ ደጃፍ በየማለዳው መታየት ስትጀምር ጎረቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ በሽታው አይደለም። «ልጅ የላቸውም እንዴ?» ይላል። መልስ ፈልጎ አይደለም፤ ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የልጆቹን ቁጥር፣ ስማቸውንና የሚኖሩበትን አገር ጭምር ያውቃል። ማለት የፈለገው ሌላ ነው፤ ልጆች እያሉ ባዕድ ለምን ገባ? ይህችን ጥያቄ እንደ ሐሜት ቆጥሮ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን አልሆነልኝም። በውስጧ አንድ ሙሉ የሥነ ምግባር ትምህርት ታጭቆባታል፦ እርጅናን መሸከም ያለበት የተወለደ ነው፤ ተከፍሎት የሚሸከም ሰው የአንድ ጉድለት ማስረጃ ነው፤ ስለዚህ ነርስ በገባችበት ቤት ግዴታውን ያልተወጣ ሰው አለ። እውነት ነው? እውነት ካልሆነስ፣ ነርሷ ለዚያ ቤት የምትሰጠው ነገር ምንድን ነው?

ጥያቄዋ አቃቂ ላይ ስትነሣ የራሷ ምፀት አላት። ሰፈሩ በደመወዝ የቆመ ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ መንገዱ በአቃቂ ነበር፤ ከሐዲዱ በኋላ ጨርቃ ጨርቁ፣ መለዋወጫው፣ ብረታ ብረቱ፣ የቃሊቲው ምግብ ፋብሪካ እየተከታተሉ መጡ፤ ከየክፍለ ሀገሩ የተነሣ ወጣትም የገዛ አባቱን አገር ቤት ትቶ ለፈረቃ ሥራ ተሰለፈ። ዛሬ አልጋ ላይ ያለው ያ ወጣት ነው። ጉልበቱን በሰዓት ሸጦ ልጆች አስተምሯል፤ ሲኮራበት እንጂ ሲያፍርበት አልኖረም። ተከፍሎት የሸመነው ጨርቅ ስለተከፈለበት ሐሰተኛ ጨርቅ እንዳልሆነ ያውቃል። ታዲያ አብሮት ሲሸምን የኖረው ጎረቤቱ የነርሷ ድካም ሲከፈልበት ለምን ቅር ይለዋል? ምናልባት እንዲህ ይመልስ ይሆናል፦ ጨርቅ ከሠሪው ይለያል፣ እንክብካቤ ግን አይለይም። ጨርቁን የለበሰ ሰው ሸማኔው በምን ልብ እንደሸመነው ማወቅ አያስፈልገውም፤ የታጠበ ገላ ግን ያጠበው እጅ ተጣድፎ ይሁን ታግሦ ለይቶ ያውቃል። እንክብካቤን የገዛ ሰው ልብ ጭምር ሊገዛ የሞከረ ይመስለናል፤ የተገዛ ልብ ደግሞ ልብ አይደለም እንላለን። ይህ ክርክር ጠንካራ ነው፤ ቸኩዬ ልጥለው አልፈልግም።

ሕግን ብንጠይቅ መልሱ አጭር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጅና ተወላጅ አንዱ ለሌላው ቀለብ የመስጠት ግዴታ ጥሎባቸዋል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። ቀለብ በገንዘብ ይተመናል። ሜሪላንድ የምትኖር ልጅ በየወሩ ከላከች፣ በላከችውም ነርስ ከተቀጠረች፣ ዳኛ ፊት የሚያቆማት ነገር የለም። ጎረቤት ፊት ግን አለ፤ ስለዚህ የጎረቤት ጥያቄ ስለ ቀለብ አይደለም ማለት ነው። «ጧሪና ቀባሪ» ስንል ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ትንፋሽ እንጠራቸዋለን፤ ዕጣቸው ግን ለየቅል ሆኗል። መቅበር ተቋም አግኝቷል፤ ዕድር ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ መዋጮውን፣ የቀረ ሰው የሚቀጣበትን ደንብ ሳይቀር አሰናድቶለታል። መጦር ግን በየቤቱ ተበትኖ ቀረ፤ በኤች አይ ቪ ክፉ ዘመን አንዳንድ የአዲስ አበባ ዕድሮች ፊታቸውን በቁም ያለውን በሽተኛ ወደ ማስታመም ማዞራቸው እንደ ብርቅ የሚነገረውም ለዚህ ነው። ምክንያቱ ይመስለኛል፣ ለቅሶ ልኩ ይታወቃል፤ ሠልስት አለው፣ አርባ አለው፣ ሙት ዓመት አለው። እርጅና ግን መቼ እንደሚያበቃ አይታወቅም፤ ይባስ ብሎ እንዲያበቃ መመኘት ነውር ነው። ማብቂያው የማይነገርለት ሸክም ለተራ አይመችም፤ አንድ ሰው ላይ ያርፋል። ያ ሰው ብዙ ጊዜ ያላገባች ሴት ልጅ ናት። (ጎረቤት «ልጅ የላቸውም እንዴ?» ሲል ሴቷን ማለቱ ነው፤ ወንዱ በየእሑዱ ብርቱካን ይዞ ብቅ ካለ እንደ ጧሪ ይቆጠርለታል።)

ልጅ ተገኘ እንበል፤ አፍቃሪም ትሁን፤ ከሥራዋ ለቃ አልጋው ሥር ትቀመጥ። ፍቅር ግን የሚያውቀው የተወሰነ ነገር ነው። ስኳር ያለባቸውን አንዲት እናት እናስብ። ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ ኢንሱሊናቸውን ግን «መድኃኒት ነው፣ አይቋረጥም» ብለው ጠዋት ተወግተዋል። ረፋዱ ላይ ያልባቸዋል፣ ንግግራቸው ይወላገዳል። ልጃቸው «ጾሙ አድክሟቸው ነው፣ ይተኙ» ብላ ጋቢ ታለብሳቸዋለች። በዚያ ጋቢ ውስጥ ያለው ፍቅር አይጠረጠርም፤ ሊገድላቸው እንደሚችልም አይጠረጠርም። ነርስ በዚያ ሰዓት ብትገባ ጋቢውን ገልጣ ከጣታቸው ጫፍ ደም ትለካለች፤ ቁጥሩ ከ70 በታች ሆኖ ስታገኘው፣ መዋጥ የሚችሉ ከሆነ፣ ስኳር በውኃ በጥብጣ ታጠጣቸዋለች። እዚህ ላይ እውቀት ፍቅርን ረታ ብሎ ጉዳዩን መዝጋት ያምራል። ነገር ግን አዛውንቷ ነፍስ ሲዘሩ «ጾሜን አስገደፍሽኝ» ብለው ቢያለቅሱስ? መለኪያው ለዚህ ቁጥር የለውም። ሴትዮዋ ዕድሜ የሚፈልጉት ምናልባት ለዚያው ጾም ነው፤ ገላቸውን ያዳነው ስኳር፣ ገላው የሚኖርለትን ነገር ነክቶባቸዋል።

ሆስፒታል ውስጥ ይህ ችግር ይህን ያህል አይገዝፍም። በሽተኛው ከደጃፉ ሲገባ ልብሱን፣ ሰዓቱን፣ የምግብ ልማዱን ለሕክምናው አስረክቦ ይገባል። በቤት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጫማዋን ደጅ አውልቃ የምትገባው ነርሷ ናት። ሥዕለ አድኅኖው የት እንደተሰቀለ፣ ቡናው በስንት ሰዓት እንደሚፈላ፣ የንስሐ አባት መቼ ብቅ እንደሚሉ ማወቅ አለባት፤ ይህ ለሥራዋ ማጣፈጫ አይደለም፣ ከሥራዋ አንዱ ክፍል ነው። ቀደም ሲል ባነሣናቸው እናት ጉዳይ የሚያዋጣው መንገድ ምናልባት ከጾሙ በፊት ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር፣ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን በሐኪም ማስተካከል ነው፤ ክትትላቸው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ከሆነ ወረቀቱን ይዞ እዚያ መመለስን ይጠይቃል። ይህን የሚያደርግ ሰው በሽታውንም ሴትዮዋንም ማወቅ አለበት። ልጅ አንዱን ታውቃለች፣ ሐኪም ሌላውን ያውቃል፤ በቤት የምትሠራ ነርስ ቦታዋ በሁለቱ መካከል ነው። ግን ያ ቦታ ራሱ ምን ዓይነት ነው?

ስሙን ማግኘት የሚያስቸግረው አንዱ ምክንያት ሥራው ሲሳካ አለመታየቱ ነው። ስትሮክ ግራ ጎኑን የያዘበት ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ካልተገላበጠ ወገቡ ሥር፣ ዳሌውና ተረከዙ ላይ የአልጋ ቁስል ይወጣል፤ ከተገላበጠ አይወጣም፤ ያልወጣ ቁስል ደግሞ ለማንም አይታይም። ወር ሲሞላ ከፋዩ በስልክ «እንዴት ናቸው?» ይላል። «ያው ናቸው» ትላለች። ቃሉ ለሰሚው ተስፋ መቁረጥ ይመስላል፤ ሥራውን ለሚያውቅ ግን ከዚህ በላይ የሚኮራበት ሪፖርት የለም። ከዚህም የሚከብድ አለ። ገላን ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ዕጣው አራተኛ ፎቅ ላይ የደረሳቸው ሽማግሌ፣ ሊፍት በሌለበት ሕንፃ፣ ጉልበታቸው ሲደክም ቤታቸው እስር ቤት ይሆንባቸዋል። ነርሷ ክንዳቸውን ሳትደግፍ፣ ግን ለመያዝ ተዘጋጅታ፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ከፊታቸው ትቆማለች፤ እሳቸው ብረቱን ይዘው እየቃተቱ ይወርዳሉ። በደረጃው የሚያልፍ ሰው «ምነው ብትደግፊያቸው!» ብሎ ይገላምጣታል። የሸሚዛቸውን ቁልፍ እሷ በአንድ ደቂቃ ልትቆልፈው ስትችል እሳቸው ሩብ ሰዓት ሲታገሉት ዝም ብላ ታያለች፤ ምክንያቱም ዛሬ የቆለፈችለት እጅ ነገ ራሱ መቆለፍ ይረሳል። እንግዲህ የምትሸጠው እጇን ነው ካልን፣ እጇን ስትሰበስብ የምትሸጠው ምኑን ነው? አለመርዳት እንደ እርዳታ የሚቆጠርበት ሥራ ዋጋው በሰዓት ሲተመን ከፋይም ተከፋይም ግራ ቢጋቡ አይፈረድባቸውም።

እስካሁን የጎረቤቱን ክርክር ከጎኑ ነካካሁት እንጂ ፊት ለፊት አልገጠምኩትም። ክፍያ ርኅራኄን ያረክሳል ይላል። ጥያቄውን ከከፋዩ ወይም ከነርሷ በኩል ሳይሆን ከተኛው ሰው በኩል ብናየውስ? አንድ አባት በሴት ልጃቸው ሲታጠቡ የሚሆነውን እናስብ። ትናንት ድምፃቸው ከደጅ ሲሰማ ቤቱ ጸጥ የሚልላቸው ሰው ናቸው። አሁን ያቺው ልጅ የምትለውጥላቸው ዳይፐር አለ። እሷ «ምን አለበት አባዬ» ትላለች፤ ከልቧ ነው። እሳቸው ግን በልባቸው ይጽፋሉ፤ እያንዳንዱ መታጠብ፣ እያንዳንዱ ሌሊት መቀስቀስ የውለታ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ መዝገቡንም በምን እንደሚዘጉት አያውቁም። ስለዚህ መጠየቅ ይቀንሳሉ። ብዙ አረጋውያን ማታ ውኃ የማይጠጡት ጥም አጥተው አይደለም፤ ሌሊት ሽንት መጥቶ ሰው እንዳያስነሡ ነው። ውኃ ሲቀንስ ሽንት ይወፍራል፣ ኢንፌክሽን ይከተላል፣ ትኩሳት ያቃዣል፤ ቤተሰቡም «እርጅናው ተጫናቸው» ይላል። በዚህ ሰንሰለት መነሻ ላይ ያለው ተሕዋስ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ደግሞ የሚበረታው በሚዋደዱ መካከል ነው።

ነርሷ ስትገባ ይህ መዝገብ ይዘጋል፤ ሒሳቡ አስቀድሞ ስለተከፈለ። አባት «ውኃ ስጭኝ» ሲሉ «ስላስቸገርኩሽ» ማለት አይጠበቅባቸውም። ልጃቸው ፊት የማይነሣውን ስለ ሰገራቸው፣ ስለ ፍርሃታቸው፣ ስለ ሞታቸው ይነግሯታል፤ ነገ የቤተሰብ ወሬ እንደማይሆን ያውቃሉ። ደመወዙ እንደተባለው ልብን ለመግዛት አልዋለም፤ የተገዛው የአረጋዊው የመጠየቅ መብት ነው። ባዕድነቷ ጎረቤት እንደ ጉድለት የቆጠረው ነገር ነበር፤ እኔ ግን ከደም ግፊት መለኪያዋ የማይተናነስ መሣሪያዋ ሆኖ ነው የማየው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት እንግሊዝ ሳሉ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥነው በ1931 ዓ.ም. የተመዘገቡ ነርስ ሆነዋል። በቤተ መንግሥት ሥርዓት የሌላውን ገላ ማጠብ የአገልጋይ ሥራ ነው፤ በቤተሰብ ሥርዓት ደግሞ የእናትና የልጅ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ የማታውቀውን ሕፃን እንድታጥብ የፈቀደው፣ ከዝምድናም ከአሽከርነትም ውጭ የሆነ አንድ ሦስተኛ ቦታ መኖሩ ነው። ሙያ የምንለው ያ ቦታ ይመስለኛል። ልዕልቷ በነሐሴ 1934 ነቀምት ላይ አረፉ፤ በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ስሙ ጦር ኃይሎች ተብሏል፤ ሦስተኛው ቦታ ግን በየቤቱ ገና ተደላድሎ አልተቀመጠም።

ተደላድሎ ያልተቀመጠበትን ማየት አያስቸግርም። ቤተሰቡ በመጀመሪያው ሳምንት «ሲስተር» ይላታል (ወንድ ከሆነ «ዶክተር» ይሉታል፤ ማዕረጉን ማንም አይጠይቅም)። በሁለተኛው ወር አዛውንቷ «ልጄ» ይሏታል፤ እሷም «እማማ» ትላቸዋለች። የሚያምር ነገር ነው፤ አደጋው ከዚያው ይጀምራል። ልጅ ከሆነች ልብስ ብታጥብ ምን አለበት? ልጅ ከሆነች እሑድ ብትመጣ ምን አለበት? ልጅ ከሆነች ደመወዙ ቢዘገይ ምን አለበት? የሆስፒታል አስታማሚ የሚሠራውን፣ የቤት ሠራተኛ የምትሠራውንና ፈቃድ ያላት ነርስ የምትሠራውን የሚለየው መስመር በአንዲት የፍቅር ቃል ይደበዝዛል። ሕጉም ብዙ አይረዳም፤ የ1156/2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ ትቶታል፤ በቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ከሥራ መቆጠሩ ገና እንዳልታመነበት ነው የምቆጥረው። ከዚህ ደግሞ የባሰ እንቆቅልሽ አለ፦ የሚከፍለው ሌላ ነው፣ የሚታከመው ሌላ። እማማ መታጠቢያ ቤት ወድቀው «ለልጄ እንዳትነግሪያት፣ እዚያ ሆና ትጨነቃለች» ቢሏት፣ ደመወዝ የምትልከው ልጅ ደግሞ «ሁሉንም ንገሪኝ» ብትላት፣ ነርሷ የማን ናት? መዝገቡን የዘጋው ገንዘብ እዚህ ላይ ሌላ መዝገብ ይከፍታል። እኔ የማደላው ለተኛችው ነው፤ ውድቀቱ አጥንት ካልነካ፣ አእምሯቸውም ጤነኛ ከሆነ፣ ምስጢሩ የእሳቸው ነው። ሆኖም ይህን የምለው ስልኩን የማነሣው እኔ ስላልሆንኩ ይሆናል።

ገንዘብ የሌለውስ? የጎረቤቱ ክርክር ትልቁ ኃይል ያለው እዚህ ነው፤ ባዕድነት ነጻ የሚያወጣ ከሆነ፣ በጡረታ አበል የሚኖር የፋብሪካ ሰው ነጻነቱን በምን ይገዛዋል? በ1859 እ.ኤ.አ. ዊልያም ራትቦን የሚባል የሊቨርፑል ነጋዴ ሚስቱን በቤት ያስታመመችለትን ነርስ፣ ሚስቱ ከሞተች በኋላ አልሸኛትም፤ በየድሆቹ ቤት እየዞረች እንድትሠራ ደመወዟን ከፈለ። ለአንድ ቤት የተገዛው ነገር ለሌሎች ይገባል ወይ የሚለውን ጥያቄ በዚያ መለሰ። በእኛም አገር ፍንጮቹ አሉ። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር ቤት ለቤት እንዲዞሩ የተመደቡት የሠለጠኑ ነርሶች ነበሩ፤ ትኩረታቸው ግን በአብዛኛው እናቶችና ሕፃናት፣ መከላከልም ነበር። ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን የመሠረቷት ሆስፒስ ኢትዮጵያ መዳን የማይችለውን ሕመምተኛ በየቤቱ የሚጎበኙ ነርሶች አሏት። ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ ደግሞ ቤትም ልጅም የሌላቸውን ሰብስቧል። በእነዚህ መካከል፣ ቤትም ልጅም ትንሽ ገንዘብም ያለው፣ ግን ነርስ የማይደርስበት ሰፊ ሕዝብ አለ። ለእሱ የጎረቤት ሾርባ ነው ያለው፤ እሱም ብድር ነው፤ ልዩነቱ ብድሩ በሾርባ መመለስ መቻሉ ነው፣ መነሣት ከተቻለ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እማማ ሲያርፉ ድንኳን ይተከላል፤ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፤ ልጅቷም ከሜሪላንድ ትደርሳለች። ነርሷ የት ትቀመጥ? ከቤተዘመድ ጎን እንዳትሆን አልተወለደችም፤ ከዕድርተኛ እንዳትሆን አባል አይደለችም፤ እንደ ለቀስተኛ ንፍሮ ቀምሳ እንዳትሄድ የመጨረሻውን ትንፋሽ የሰማችው እሷ ናት። ቦታዋን ድንኳኑ አያውቀውም። ከሠልስት በኋላ ልጅቷ የግማሹን ወር ሒሳብ በፖስታ አድርጋ ትሰጣታለች፤ ነርሷም «ይቅር፣ እኔም እናቴ ነበሩ» ብላ እጇን መሰብሰብ ይቃጣታል። ብትል ሰፈሩ ያመሰግናታል፤ ያ ሁሉ የጎረቤት ቅሬታም በአንድ ጊዜ ይረሳል። እኔ ግን መቀበል አለባት ባይ ነኝ። እምቢ ያለችው ገንዘብ፣ እማማ በሕይወት ሳሉ ያልነበረባቸውን ውለታ ከሞቱ በኋላ ይጽፍባቸዋል፤ ሲጠይቁ ሳይሳቀቁ የኖሩባቸውን ወራት ወደ ኋላ ተመልሶ ምጽዋት ያደርጋቸዋል። ፖስታውን ትቀበል፤ ከቻለችም ደረሰኝ ትቁረጥ።